«እረኛ ምን አለ?»
ስለ ቃል ነጻነትና ስለ ኢንተርኔት

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



በቀድሞ ዘመን የአገራችን ነገሥታትና መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ የሚያዜመው ግጥም የሕዝቡን ብሶትና ምኞት የሚገልጽ ስለ ሆነ፥ ብልህ ገዥ እርሱን ሰምቶ አስተዳደሩን ያርም ነበር። በፎገራ ሜዳ ከከብት ጋር ላደግን ልጆች ይህ አባባል እንግዳ አይደለም። ከእርሱም የምንማረው፥ የቃል ነጻነት ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለሰሚውም የሚጠቅም መሆኑን ነው። የዚህችም ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት በየዘመኑ እንዴት እንደ ተዘነጋ በአጭሩ ማሳየት ነው።

ማተሚያ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቃል ሩቅ መጓዝ ጀመረ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ገለጠ፤ ዳሩ ግን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ ዓይን ማለፍ ነበረበት። በ1955 ዓ.ም. የታተመው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታገደ። በደርግ ጊዜም የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ይሁን እንጂ ሁለቱም መጻሕፍት ዛሬ ይነበባሉ፤ የከለከሉአቸው መንግሥታት ግን አልፈዋል።

ከዚያ በኋላ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በአንቀጽ 29 አጸና። ስለዚህ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲገባ በሩ በሕግ የተከፈተ ነበር። ነገር ግን የመርማሪው ሥራ ከወረቀት ወደ ሽቦ ተዛወረ። መሥመሩ ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ስለ ነበር፥ አንድን ገጽ ወይም አንድን ክልል በሙሉ ለመዝጋት አንድ ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥትን የሚነቅፉ ብዙ ገጾች ተዘጉ፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባሉት የኢንተርኔት ጸሐፊዎች ታሰሩ። በ2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ገጾች ሲከፈቱ ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ።

ተስፋው ግን አልቆየም። ከዚያ በፊትም፥ በ2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተሰርቆ ከወጣ በኋላ፥ ፈተናው ሲደገም ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘግተው ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ፈተና ሰሞን ደግሞ ኢንተርኔቱ በመላው አገር ተቋረጠ። ጥቂት ሌቦችን ለመከላከል አገር ሁሉ ዝም አለ ማለት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከመሥመር ወጣች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በእኛው በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ወረታ የጎንደር፥ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሩዝ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴም፥ ለልጁ ገንዘብ የሚልክ አባትም፥ መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪም እኩል ይቸገራሉ። እውነተኛ ወሬ ሲጠፋም አሉባልታ ቦታውን ይወስዳል።

አንዳንድ ሰዎች «ልጓም የሌለው ቃል አገር ያፈርሳል» ይላሉ፤ ነገሩም ቀላል አይደለም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ዛሬ በስልክ የተጻፈ ሐሰት ባንድ ሰዓት አገር ያዳርሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ክስ ጋር ከተበተነ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። ለግድያ የሚያነሣሣውን ሰው ለይቶ በግልጽ ችሎት መጠየቅ ፍርድ ነው፤ ሚሊዮን ሰው በአንድ ላይ ማፈን ግን ፍርድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185 ፍርድ ሊሆን የሚችለው፥ ጥላቻን እንጂ ነቀፌታን ሳይቀጣ ሲቀር ነው። ለኩባንያዎቹም ቢሆን በየአገሩ ቋንቋ ሐሰትን ፈጥኖ የሚያርም ሰው መቅጠር ግዴታቸው ሊሆን ይገባል።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ከእኛ መካከል አስተዳዳሪ፥ ዳኛ፥ የቴሌ መሐንዲስ የሚሆን አይጠፋም። ያን ጊዜ «ዝጋ!» የሚል ትእዛዝ በፊታችን ቢቀርብ፥ አስቀድመን «እረኛ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። እስከዚያው ግን ያላረጋገጥነውን ወሬ ለሌላ ባለማስተላለፍ፥ ነጻነት የሚገባን ሰዎች መሆናችንን በሥራ እናሳይ።