ሉላዊነት በቡና ገበያ መስታወት፦ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው?

ሉላዊነት ሸቀጥ፣ ገንዘብ፣ ዕውቀትና ባህል የአገሮችን ድንበር እየተሻገሩ የሕዝቦችን ኑሮ እርስ በርስ የሚያስተሳስሩበት ሂደት ነው። ቃሉ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት የተስፋፉትን ግዙፍ ኩባንያዎችና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ነው። ይሁን እንጂ ሂደቱ ከዚያ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው። በንግድ፣ በባህልና በአገር ኢኮኖሚ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በአንድ ሸቀጥ አማካይነት ለመመልከት ደግሞ ቡና ተስማሚ ምሳሌ ነው።

ከጫካ ወደ ወደብ

በዓለም ገበያ ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው የአረቢካ ቡና መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ቡና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የሱፊ ማኅበረሰቦች ዘንድ ለሌሊት ጸሎት የሚያነቃ መጠጥ ሆኖ ይታወቅ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው የሞካ ወደብም የቡና ንግድ ማዕከል ሆነች። መጠጡ በ1550ዎቹ ኢስታንቡል ደርሶ የቡና ቤት ባህልን ፈጠረ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም የአውሮፓ ከተሞች ይህንኑ ባህል ተቀበሉ። በለንደን የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች መሰብሰቢያ ሆኖ፣ ከጊዜ በኋላ በዓለም ከታወቁት የመድን ገበያዎች አንዱ ከዚያ ተወለደ።

የየመን የበላይነት ግን ጸንቶ አልቆየም። ሆላንዳውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቡናን ተክል በጃቫ ደሴት ማልማት ጀመሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ተክሉ ብራዚል ገባ፤ ምርቱም ለረጅም ጊዜ በባሪያዎች ጉልበት ላይ የተመሠረተ ሆነ። ዛሬ ብራዚል ከዓለም የቡና ምርት ሲሶ ያህሉን ታቀርባለች። ሞካ በአንጻሩ የንግድ ክብሯን አጣች፤ ስሟ ግን በመላው ዓለም የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አንድ አገር የሸቀጡ ባለቤት መሆኗ ብቻ የጥቅሙ ባለቤት እንደማያደርጋት ይህ ታሪክ ያመለክታል።

ዋጋ የሚቆረጥበት ስፍራ

በአሁኑ ጊዜ የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ መነሻ የሚወሰነው በኒው ዮርክ የወደፊት ግብይት ገበያ ሲሆን፣ የሮቡስታ ደግሞ በለንደን ነው። በእነዚህ ገበያዎች የሚገዙና የሚሸጡ ብዙዎቹ ወገኖች ቡናውን በዓይናቸው አያዩትም፤ የሚገበያዩት በውል ነው። በብራዚል ውርጭ ሲጥል ወይም ድርቅ ሲገባ፣ አልያም የዶላር ምንዛሪ ሲለዋወጥ፣ በጅማ ወይም በጌዴኦ ያለው ገበሬ ለእሸት ቡናው የሚቀበለው ዋጋ አብሮ ይለዋወጣል።

ይህን መዋዠቅ ለመግታት አምራችና ሸማች አገሮች በ1962 ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ለእያንዳንዱ ላኪ አገር የኮታ ድርሻ በመስጠት ለገበያ የሚቀርበውን መጠን ይቆጣጠር ነበር። በሐምሌ ወር 1989 ኮታው ሲፈርስ ዋጋው ክፉኛ አሽቆለቆለ። በቀጣዩ አስርት ዓመት ቬትናም ምርቷን በፍጥነት አሳድጋ ከዓለም ሁለተኛ ደረጃን ያዘች። ለቬትናም ገበሬዎች ሉላዊነት ከድህነት መውጫ በር ነበር፤ ለሌሎች አምራቾች ግን የዋጋ ውድቀትን አባባሰ። በ2001 መገባደጃ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ አንዳንድ ገበሬዎች የቡና ተክላቸውን ነቅለው ጫት የተከሉት በዚህ ዓይነት ጫና ነው። በየካቲት ወር 2025 በአንጻሩ ያው ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጧል። አንድ ሸቀጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል ሲወጣና ሲወርድ፣ የውጭ ምንዛሪዋን በዋናነት ከእርሱ የምታገኝ አገር በጀቷንም ሆነ የዕዳ ክፍያዋን በእርግጠኝነት ማቀድ ይቸግራታል።

ጥሬ ቡናና የተቆላ ቡና

ሌላው የልዩነት ምንጭ እሴት የሚጨመርበት ቦታ ነው። ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ለወራት ይቆያል፤ ከተቆላ በኋላ ግን መዓዛው ፈጥኖ ይጠፋል። ስለዚህ ቆይ ኩባንያዎች የሚከማቹት በሸማቹ አቅራቢያ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጣውን ቡና ቀላቅለው፣ አሽገውና በራሳቸው የንግድ ምልክት ለገበያ ስለሚያቀርቡ፣ ከአንድ ስኒ ዋጋ የሚበዛው ድርሻ በእነርሱና በቸርቻሪዎች እጅ ይቀራል። አንድም የቡና እርሻ የሌላት ጀርመን ከዓለም ዋነኛ የተቆላ ቡና ላኪዎች አንዷ ናት።

ኢትዮጵያ ድርሻዋን ለማሳደግ የተለያዩ መንገዶችን ሞክራለች። በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየንና መሰሎቹ በመካከል ያሉ ነጋዴዎችን አሳጥረው በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ የዋጋ መረጃ ለሁሉም እንዲደርስና ክፍያ በወቅቱ እንዲፈጸም ረድቷል። ሆኖም ቡናው በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል የተመረተበትን አካባቢ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ሆነ፤ ጥራት ያለው ቡና ፈላጊ ገዥዎች ደግሞ ዋጋ የሚጨምሩት ለዚሁ መረጃ ነው። በዚህም ምክንያት አሠራሩ በኋላ ተሻሽሏል።

ስም እንደ ሀብት

በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ የንግድ ምልክት አይደሉም በማለት ተቃወመ። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ክርክር ካስነሳ በኋላ በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ኩባንያውም የስሞቹን ባለቤትነት የሚያውቅ የፈቃድ ውል ፈረመ። ክርክሩ ያስገነዘበው ነገር ቢኖር፣ በዛሬው ንግድ ስም ራሱ እንደ መሬትና እንደ ምርት የሚቆጠር ሀብት መሆኑን ነው።

ባህል ሲሻገር

የባህሉ ጉዞ ከንግዱ ይለያል፤ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው አይጎድልበትም። የቱርክ የቡና ባህል በ2013፣ የአረብ ቡና ደግሞ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በኢትዮጵያ የቡና ሥርዓት ሦስተኛው ስኒ በረካ መባሉ፣ ቃሉም በአረብኛ በረከት ማለት መሆኑ፣ የቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች ምን ያህል እንደተዋረሱ ያሳያል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጀበናውንና ረከቦቱን ይዘው ሄደዋል። በሌላ በኩል ግን በየከተማው የተስፋፋው በጽዋ ተይዞ የሚሄድ ቡና፣ ጎረቤትን የሚያሰባስበውን ረጅም ሥርዓት ጊዜ እየተሻማው ነው።

አዲሶቹ ደንቦች

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ደንብ፣ ከታኅሣሥ ወር 2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪዎች የእርሻውን ትክክለኛ መገኛ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ዓላማው ደንን መጠበቅ ነው፤ የአፈጻጸም ጊዜውም ተራዝሟል። ይሁንና የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ መዝግቦ ማቅረብ ለሰፋፊ እርሻዎች ቀላል ሲሆን፣ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ላላቸው በርካታ ገበሬዎች ግን ከባድ ወጪ ነው። ወጪውን ማን ይሸፍነው የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ፣ ደኑን በጥላው ሥር ቡና እያለማ ያቆየው ገበሬ ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

በጥቅሉ የቡና ታሪክ የሚያሳየው ሉላዊነት በራሱ በረከትም መርገምም አለመሆኑን ነው። ውጤቱ የሚወሰነው የዋጋ መረጃን፣ የማቀነባበሪያ አቅምን፣ የስም ባለቤትነትንና ደንብ የማውጣት ድምፅን በያዘው ወገን ነው። አምራች አገሮች በእነዚህ ዘርፎች ያላቸው ድርሻ ካላደገ፣ የሚልኩት መጠን ቢጨምርም ለገበሬው የሚደርሰው ገቢ በሌሎች ውሳኔ ሥር ሆኖ ይቀጥላል።