በመስማትና በማወቅ መካከል፦ የስድስት ኪሎ ተማሪና የአገሩ ጉዳይ



ከተማሪዎች አንደበት ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከትምህርቱ፣ ከፈተናውና ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር እየተሯሯጥን የአገራችንን ጉዳይ በየትኛው ጊዜ እንከታተል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ በሚያወጣው የጉለሌ አቀበት ግርጌ ካለው ከስድስት ኪሎ ግቢ ታሪክ ለመፈለግ እሞክራለሁ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት አስነሡ። በማግስቱ አልጋ ወራሹ አዋጁን በሬዲዮ አነበቡ። ታኅሣሥ 6 ቀን ደግሞ የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ንቅናቄውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። አልጋ ወራሹ ያነበቡት በፈቃዳቸው ይሁን ተገደው፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጦር ሠራዊቱ አዛዦች ግን በዚያ ሰዓት ከንጉሡ ጎን ቆመው ነበር፤ ንቅናቄውን የሚያወግዝ የፓትርያርኩ ቃልም በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። በዚያው ቀን ውጊያ ተከፈተ። ንቅናቄው ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ ተገደሉ። ይኸው ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የተማሪዎቹን ድፍረት ማንም አይክድም። የለውጥ ጥያቄያቸውም መሠረት ነበረው። በእጃቸው የነበረው መረጃ ግን ከአንድ ወገን የመጣ የሬዲዮ ድምፅ ነበር፤ ተቃራኒው ወሬ ከሰማይ ሲወርድም ሁለቱን የሚያመዛዝኑበት ፋታ አላገኙም።

በዚያው አሥርት ዓመት ሌላ የመረጃ መንገድ ተከፈተ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተሰማሩ። ያን ጊዜ አዲስ ዘመንም ሆነ ኢትዮጵያን ሄራልድ የመንግሥት ጋዜጦች ነበሩ፤ ሳንሱርም ነበረባቸው። ከገጠር የሚመለስ ተማሪ ግን ጋዜጣ ላይ ያልወጣውን፣ በዓይኑ ያየውን ይዞ ይመጣ ነበር።

የዚህ ልማድ ፍሬ በወሎ ረሃብ ጊዜ ታየ። በ1965 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ረሃቡ ዝም ባለበት ወቅት፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። ተማሪዎችም ያዩትን ይዘው ለተቃውሞ ተነሡ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ምሽት የቀረበው ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ከረሃብተኛው ጋር እየተፈራረቀ እንዲታይ ተደርጎ እንደገና የተቀናበረ ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው፤ ቅንብሩ ግን የደርግን ዓላማ ያገለግል ነበር። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ማን አሳየኝ? ለምን ዛሬ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

በ1953 ከመስማት እስከ ሰልፍ የነበረው ርቀት አንድ ቀን ብቻ ነበር። በ1965 ግን በመካከሉ የሄደ፣ ያየና ተመልሶ ያሳየ ሰው ነበረ። ወሎ ለመሄድ ጊዜ ያልነበረው ተማሪ በሁለት ክፍለ ጊዜያት መካከል ፎቶግራፎቹ ፊት ቆሞ የታመነ እውቀት አገኘ፤ ድካሙን ሌላው ተሸክሞለታልና። አገርን ማወቅ የጋራ ሥራ መሆኑን የሚያሳየን ይህ ነው።

ዛሬ በኪሳችን ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ የ1953ቱን ሬዲዮና በራሪ ወረቀት በአንድነት ይዟል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ቤተሰቡ በዚያ ያለ ተማሪ በወሬ መካከል ብቻውን መቅረት ምን እንደሆነ አይቷል። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ማንም ያልመረመረው ወሬ ነው፤ በዚያ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ጎረቤት በጎረቤቱ ሊነሣ ይችላል።

አበው «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። ጊዜ የሌለው ተማሪ ሁሉን መከታተል አይጠበቅበትም። አንድ ጉዳይ ይምረጥ፤ ያንን ከምንጩ፣ ከሁለትና ከሦስት ወገን እየመረመረ ይከታተል፤ ያገኘውንም ሌላ ጉዳይ ለሚከታተለው ጓደኛው ያካፍል። ጓደኛውም እንዲሁ ያድርግለት። ያልመረመረውን ደግሞ ለሌላ አያስተላልፍ። ይህን ለማድረግ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።