ሳትለኩ አትፍቱ

ተማሪዎቼ፣ ሐይቅ ከተማ ቆሜ ወደ አምባሰል የሚያቀኑትን መኪኖች ሳይ ትዝ ያለኝን ልንገራችሁ።

ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ ወደ ወልዲያ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ጣሊያን ነው የሠራው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ግን ጋራዣችን ውስጥ ቀረ፦ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን።

በካርቡራቶር ጊዜ የቤንዚን ግፊት ከግማሽ ባር በታች ነበር። ዳገት ላይ ቤንዚኑ በሙቀት ተንኖ መኪናው ሲቆም፣ ሹፌሩ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ያኔ እጅና ጆሮ ይበቃ ነበር።

ኢንጀክሽን መጣ፤ ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ደረሰ። እኔ ግን በድሮው ልማድ ቀጠልኩ። ዳገት የሚያቅታት አንዲት ታክሲ መጣችና ሳልለካ አዲስ ፖምፓ አስገዛሁ። ጥፋቱ የተደፈነ ፊልትሮ ሆኖ ተገኘ! ሰውዬው ብሩንም ቀኑንም ከሰረ፤ እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጌጅ ግጠሙ። ግፊቱ ካነሰ የመመለሻውን ጎማ ለአፍታ ጫን አድርጉት። ከጨመረ ሬጉሌተሩ ነው፤ ካልጨመረ ፊልትሮውን፣ ለፖምፓው የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻም ፖምፓውን እዩ። ግፊቱ ከበዛ ደግሞ መመለሻው ተደፍኗል ወይም ሬጉሌተሩ ተጣብቋል።

ቃሉን ወርሰናል፤ መለካቱን ግን ራሳችን እንልመድ።