ኒውትሮንን በዕጣ መቁጠር

ቁማር ቤት ያፈርሳል እየተባልን ነው ያደግነው፡፡ ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስሙን ከቁማር ቤት ስለተዋሰ የሒሳብ ዘዴ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1946 የፖላንድ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ስታኒስላው ኡላም ከጽኑ ሕመም እያገገመ ለብቻው ካርታ ይጫወት ነበር፡፡ የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ሊያሰላ ቢሞክር አልሆነለትም፡፡ ታዲያ መቶ ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈውን መቁጠር አይቀልም? ይህች ሐሳብ ወደ ኒውትሮን ወሰደችው፡፡

ለምን ኒውትሮን? በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ አንድ ኒውትሮን ከአቶም አስኳል ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫ ሊቀይር፣ ሊዋጥ፣ አስኳሉን ሰንጥቆ ሁለት ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖች ሊያስለቅቅ ወይም ሾልኮ ሊወጣ ይችላል፡፡ እያንዳንዱ ትውልድ ራሱን ብቻ ከተካ ማብላያው ረግቶ ይሠራል፤ ካነሰ ይከስማል፤ ከበለጠ ኃይሉ ይንራል፡፡ ይህን የሚገልጸው ቀመር ቦታን፣ አቅጣጫን፣ ጉልበትንና ጊዜን ሲያካትት ሰባት ተለዋዋጮች አሉት፡፡ በእርሳስና በወረቀት የሚገፋ አይደለም፡፡

የኡላም መፍትሔ ኒውትሮኖቹን አንድ በአንድ ማጫወት ነው፡፡ በየእርምጃው ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ኒውትሮኑ ይዋጥ ወይስ ይንጠር የሚለውን ይወስናል፡፡ የአንዱ ዕድል አይታወቅም፤ የሺዎቹ አማካይ ግን ወደ እውነቱ ይጠጋል፡፡ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ኒውትሮን ማጫወት ያስፈልጋል፡፡

ወዳጁ ጆን ቮን ኖይማን በማርች 1947 ዝርዝር ዕቅዱን በደብዳቤ ጻፈ፡፡ «ሞንቴ ካርሎ» የሚለውን ስም ያወጣው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ነው፤ መነሻውም ከዘመድ እየተበደረ ወደዚያ ቁማር ቤት ይሄድ የነበረ የኡላም አጎት ነው፡፡ በ1948 ደግሞ 30 ቶን ገደማ የሚመዝነው ኤኒያክ ኮምፒዩተር ስሌቱን ሠራ፡፡ ኮዱን በዋናነት የጻፈችው የቮን ኖይማን ባለቤት ክላራ ናት፡፡ በ1949 ዘዴውን ባስተዋወቀው ጽሑፍ አናት ላይ ግን የሰፈረው የሜትሮፖሊስና የኡላም ስም ብቻ ነበር፡፡

አንድ ነገር አንደብቃችሁ፡፡ ያ የኤኒያክ ስሌት ለማብላያ ሳይሆን ለቦምብ ነበር፡፡ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከነደዱ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም፡፡ ዛሬ ያው ዘዴ ማብላያ ለመንደፍ፣ የጨረር መከላከያ ግድግዳን ውፍረት ለመወሰን፣ ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠውን ጨረር ለመመጠን ያገለግላል፡፡

ስለዚህ ዘዴውን ስናደንቅ ሁለት ነገር አንርሳ፤ መጀመሪያ የተሠራበትን ዓላማና ስሟ የተዘለለውን ሴት፡፡