ወሰን

ወሰን ከግእዙ «ወሰነ» የተገኘ ስም ሲሆን ትርጓሜው ዳርቻ፣ ልክ፣ መለያ ማለት ነው፤ ውሳኔ የምንለውም ከዚሁ ሥር ስለ ወጣ፣ በምድር ላይ የተሰመረ መስመር ሁሉ አስቀድሞ በሰው ልቡና የተቆረጠ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

በ1990 ዓ.ም. በባድመ በተቀሰቀሰው ጦርነት የተዘጋው የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በደም የተዛመደውን ሕዝብ ሃያ ዓመት ለይቶ ከቆየ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ሲከፈት፣ ከወዲያና ከወዲህ የመጡ ዘመዳሞች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሲላቀሱ ያየ ሰው ሁሉ የጥል ግድግዳ ፈረሰ ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ።

በዚያው ሰሞን ግን በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በእኛ በቡራዩ፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽመና ይተዳደሩ የነበሩ ቤተሰቦች፣ ከጎረቤት የሚለያቸው ግንብም ሆነ ኬላ ሳይኖር፣ በማንነታቸው ተለይተው ተጠቁ፤ ብዙዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩትም የሽመና ዕቃቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተሰደዱ። ይህ የማንነት ወሰን በካርታ አልተሰመረም፤ ስለዚህም ከዛላምበሳው ይልቅ ያስፈራኛል።

የዛላምበሳው በርም ቢሆን የንግዱ፣ የጉምሩኩና የጉዞው ሥርዓት በሕግ ሳይጸና በደስታ ብቻ ተከፍቶ፣ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ተዘጋ።