መንጠቆ የያዘ ምስክር፦ የበሽሎን ነጭ ዓሣ ማን ይከታተል?

በሽሎ ከኩታበር በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ የወሎን ውኃ እየሰበሰበ ዓባይ ይገባል። በዓባይ ተፋሰስ በሰፊው የሚኖረውና በሳይንሳዊ ስሙ ላቤዎባርበስ የሚባለው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠራማና ወራጅ በሆነ ንጹሕ ውኃ ነው። ጊዜውም ክረምት ነው፤ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥና ተመራማሪ ወደ ወንዙ መውረድ ሲያቅተው። ያን ጊዜ ወንዙ ዳር የሚገኘው የአገሬው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜው መንጠቆ የሚጥል ሰው ያየውን በሥርዓት ቢመዘግብ፣ ለዚህ ዓሣ ጥበቃ ሌላ ማንም የማይተካው መረጃ ይሰጣል ብዬ እከራከራለሁ።

የጣና ታሪክ የመዘግየትን ዋጋ ያሳያል። በሐይቁ 15 ያህል የላቤዎባርበስ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። በሞተር ጀልባና በመረብ ለገበያ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተመራማሪው ዴ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1991 እስከ 2001 የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል። ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በመረብ መታፈሳቸውና በተፈጨ የብርብራ ፍሬ መመረዛቸው ከምክንያቶቹ ተቆጥረዋል። ብርብራ ሲበተን የሚያየው ደግሞ የመንደሩ ሰው እንጂ ላቦራቶሪው አይደለም። የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ወደ ጣና ስለማያሳልፍ፣ የሐይቁን ቁጥር ወስዶ ለበሽሎ ማዋልም አያስኬድም። በሽሎ የራሱ መዝገብ ያሻዋል።

አጥማጅን መረጃ ሰብሳቢ የማድረጉ መንገድ የተሞከረ ነው። ተመራማሪው ፍራንክ ማዘር እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ዉድስ ሆል፣ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች በትልልቅ ቱናዎች ላይ ቁጥር ያለው ምልክት ሰክተው እንዲለቋቸው አደረጉ። ብሉፊን ቱና አትላንቲክን እንደሚሻገር ያረጋገጡት ምልክታቸውን እንደያዙ ዳግም የተጠመዱ ዓሦች ናቸው። አጥማጅ ዓሣ ወዳለበት ብቻ ስለሚሄድ ቁጥሩ ያዘነብላል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ቋሚ የመዝገብ ቦታዎች ቢወሰኑና ባዶ እጅ የተመለሱባቸው ቀናትም ቢጻፉ ግን መዛነፉ ይታወቃል፣ ይታረማልም። ዝርያ መለየት ለባለሙያም ስለሚከብድ፣ ከመለኪያ ጋር የተነሣ ፎቶግራፍና ጥቂት ቅርፊት ፍርዱን ለባለሙያው ያቆዩለታል። ከሁሉ የሚከብደው መንጠቆው ራሱ ዓሣውን ይጎዳል የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ገደብ ማበጀት ነው፦ ምልክት የሚሰካው ከመራቢያው ወቅት ውጭ ይሁን፤ በክረምት አጥማጁ መንጠቆውን አስቀምጦ ይቁጠር፣ መርዝ ካየም ያመልክት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወንዝ ድረስ የሚወርደው እንዲህ ያለ ዓይን ሲያገኝ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ከኩታበር በታች ባሉት የበሽሎ ገባሮች ጥቂት ቦታዎችን መርጠው፣ መዝገቡን ከመጪው ክረምት በፊት ለወንዙ ዳር ነዋሪዎች ይስጡ።