ተነግሯቸው ያልሰሙ ሹማምንት ዜና

ይህ ዜና በጎጃም ምድር፣ በመርጡለ ማርያም ተጻፈ። ይህችን ደብር ያሳነጸች ንግሥት እሌኒ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ኃይል አስቀድማ አይታ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልካ ነበር፤ መልእክተኛው ግን ሰላይ ነው ተብሎ በመንገድ ተንገላታ። ኋላም በግራኝ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች። የሚከተለውን ከዚህች ደብር ሆነን ብንጽፍ፣ አስቀድሞ የተነገረ ሳይሰማ ሲቀር የሚደርሰውን ይህች ደብር ስለምታውቅ ነው።

በ1978 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አሜሪካኖች ቻሌንጀር የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ሊያስወነጭፉ ተዘጋጁ። የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት በብርድ እንደሚደነድንና እሳት እንደሚያሾልክ ሮጀር ቦይጆሊ የተባለ መሐንዲስ ያውቅ ነበር፤ ከስድስት ወር በፊትም ለአለቆቹ ጽፎላቸዋል። ጥር 19 ማታ እርሱና ባልንጀሮቹ፣ ነገ ብርድ ነውና አትነሣ ብለው በስልክ ተሟገቱ። አለቆቹ ግን ለብቻቸው መክረው ትነሣ አሉ። በማግስቱ በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ 7 ሰዎችም ሞቱ።

እስከ አገራችን የደረሰው ነገርም እንዲሁ ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. በታኅሣሥ፣ የአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ቦይንግ 737 ማክስ የተባለውን አውሮፕላን ሲሠራ ከገዛ መሐንዲሶቹ አንዱ ጠየቀ። ኤምካስ የተባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት አንድ ጠቋሚ ብቻ ያዳምጣልና፣ ያ ጠቋሚ ቢሳሳት አደጋ የለውምን? አለ። ንድፉ ሳይለወጥ ቀረ። ለአብራሪዎችም የሥርዓቱ ነገር በመመሪያቸው አልተገለጠላቸውም። በሰኔ 2010 ደግሞ ኤድ ፒርሰን የተባለ የፋብሪካው ኃላፊ፣ ሠራተኛው ዝሏልና ሥራው ይቁም ብሎ ለአለቃው ጻፈ። ለእውነት ያህል፣ የእርሱ አቤቱታ ስለ ፋብሪካው ጥድፊያ እንጂ ስለ ኤምካስ አልነበረም። ሥራውም አልቆመም።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን ከነ189 ሰዎች ባሕር ገባ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤምካስ ካልታረመ በማክስ ዕድሜ 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አሰላ። አሰላና ይብረር አለ። ያላወቀን ሰው ይቅር ማለት ይቻላል፤ ቆጥሮ ያሳለፈን ግን ምን እንበለው?

በዚያው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ በልደታ፣ ዕለቱም ቅድስት ሰንበት ነበረ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በማክስ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ዋና አብራሪው የ29 ዓመቱ ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ነበሩ። ወዲያው የግራው ጠቋሚ ሐሰት ተናገረ፤ ኤምካስም አፍንጫውን ደፋው። እነርሱም ከላየን ኤር ወዲህ በታዘዘው መሠረት የማረጋጊያውን ኤሌክትሪክ አጠፉ፤ በእጅ ሊመልሱት ቢታገሉም በዚያ ፍጥነት አልንቀሳቀስ አላቸው። በስድስተኛው ደቂቃ በቢሾፍቱ አጠገብ፣ በጊምቢቹ ወረዳ ወደቀ። ከ35 አገር የመጡ 157 ነፍሳት አለቁ። ከባሕር ማዶ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ሊያላክኩ የሞከሩም ነበሩ፤ የእኛ ጸሐፊዎች ይህን አይርሱት።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በልደት ዕለት፣ ቦይንግ ሁለት ሠራተኞቹ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን እንዳታለሉ አምኖ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍልና ከክስ ሊተርፍ መስማማቱ ተሰማ። በስሙ የተከሰሰው አንድ የቦይንግ የቀድሞ አብራሪ ብቻ ነበር፤ እርሱም በመጋቢት 2014 ነጻ ወጣ። ከሹማምንቱ ወኅኒ የወረደ የለም።